ፊት የማይሸፍን ካሜራ

ሜሬአና የተቀበረች ዕለት ታላቅ እህቷ ቲሪያ አንድ ነገር አይታ ዝም አለች። በጎሳው ታላቅ የመሰብሰቢያ ቤት ውስጥ፣ የሟቾች ፎቶ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ የሜሬአና ምስል ሲወጣ፣ ትከሻዋ ላይ አንዲት እጅ ቀርታ ነበር። አራት ጣትና የሰዓት ማሰሪያ፣ ሌላ ምንም የለም። እጇ የቲሪያ ነበረች።

ሜሬአና ለብቻዋ የተነሳችው ፎቶ አልተገኘም። ድግስ በተደገሰ ቁጥር እሷ ከማድ ቤት እጇን አድርቃ እስክትወጣ ሌላው ተነስቶ ይበተናል። ስለዚህ ለልቅሶው አንድ ዘመድ በስልኩ ካነሳው የራግቢ ኳስ ክለብ ግብዣ ፎቶ ላይ እሷን ቆርጦ አሳደጋት። ቲሪያ አቅፋት ከጎኗ ቆማ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ከሟቾች ጋር አይሰቀልምና ቲሪያ ተቆረጠች፤ እጇ ግን የእህቷን ትከሻ ሳይነኩ የምትቆረጥ አልሆነችም። ፊቱም ሲያድግ ደበዘዘ። ዓይኖቿ ወዴት እንደሚያዩ አይለይም። ከቀብሩ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ አልቃሹ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ለቆመው ለዚያ ድብዝዝ ፊት አለቀሰ። አሮጊቶቹ የቀደሙትን ሟቾች ፎቶ ከግድግዳ አውርደው በዙሪያዋ ደረደሩ፤ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ "ቆመህ ከምትስቅ ልጅህን አትቀበላትም?" እያሉ ወቀሷቸው። የእሷን ፎቶ ሲዳስሱ ግን ጣታቸው የት እንደሚያርፍ የጠፋው መሰለ።

ቲሪያ ያን ጊዜ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከጊዝቦርን ከተማ በስተሰሜን ባለው የባሕር ዳርቻ መንገድ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ ወገቧ አላስቀምጥ ሲላት መሪውን ለሌላ አስረከበች። "እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?" ሲሏት፣ "ፎቶ ማንሳት ልማር ነው" ትላለች። ወፍ አነሳለሁ፣ ጀልባ አነሳለሁ፣ የጧት ባሕር አነሳለሁ፤ የጊዜ ማሳለፊያ ነው ትላለች። ውሸት አልነበረም። ከወፉም ከጀልባውም በፊት የፈለገችው ግን የእማማ ንጋዋይን ፊት ነበር።

እማማ ንጋዋይ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። ካሜራ ሲያዩ ወይ ፎጣ ፊታቸው ላይ ይጥላሉ፣ ወይ ተነስተው ሽንት ቤት ይገባሉ። በዚያ ክረምት ልባቸው አስቸግሯቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ቲሪያ ሲመሽም ሲነጋም አንድ ነገር ታስባለች፦ እሳቸውም እንደ ሜሬአና ድብዝዝ ብለው ይሰቀሉ ይሆን?

መጀመሪያ የአጎቷ ልጅ ቲፔኔ የራግቢ ጨዋታ የሚያነሳበትን ካሜራ አዋሳት። ከፊቱ የተሰካው ሌንስ ክንድ ያህላል። ይዛው ስትሄድ እማማ ንጋዋይ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ለሽመና የሚሆን የቃጫ ቅጠል በዛጎል ይፍቃሉ። ቲሪያ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች።

"ኧረ እባክሽ!" አሉ አክስቷ። "ዳክዬ ልታድኚ ወጣሽ እንዴ?"

"ዝም ብለው ሥራዎን ይሥሩ፣ አክስቴ። እኔ የለሁም ብለው ያስቡ።"

"እሱማ የለሽም! ፊትሽ የታለ? ጥቁር ጉድጓድ ነው የሚታየኝ። ለጉድጓድ ልሳቅለት?"

"ለእኔ ይሳቁልኝ።"

"ወዲያ ተደብቀሽ? እንኳን ፎቶ፣ በእኛ ወግ ሰላምታም አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ፣ ትንፋሽ ተካፍሎ ነው። ተሸሽጎ ሰው የሚያይ ሌባ ነው፤ ካልሆነም ፖሊስ።" ዛጎሉን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ነቅቼብሻለሁ። ለግድግዳው እየለካሽኝ ነው። እጅሽ አስቀድማ እዚያ ገብታለች፤ አሁን እኔን ጎትታ ልታስገባኝ ነው።"

ቲሪያ ካሜራውን ከአንገቷ አወለቀች። ስለዚያች እጅ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አይቶ ዝም ብሎ ነበር። አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ካሜራውን ለቲፔኔ መለሰችለት፤ ቀና ብላም አላየችው።

ጊዝቦርን ውስጥ ያገለገለም አዲስም ካሜራ የሚሸጥ ኮሊን የሚባል የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ አላት። በማግስቱ እሱ ዘንድ ሄደች።

"ምን ልታነሺበት ነው?" አላት።

"አንዲት ግትር አሮጊት።"

"ለግትርማ መድኃኒት አለኝ። በዚህ ረጅም ሌንስ ከመንገድ ማዶ ሆነሽ ሳታውቅ ታነሺያታለሽ።"

"ሳታውቅማ አልፈልግም።"

ኮሊን መደርደሪያውን ከፈተ። ባንኮኒው ላይ ውሃ የማይገባውንም፣ ጨለማ የማይበግረውንም፣ ከገበያ የወጣውንም ደረደረላት። ቲሪያ አንዱንም አልነካችም። ጥግ ላይ የነበረውን ወንበር ስባ መሐል ላይ ተቀመጠች።

"አንተ አንሳኝ" አለችው።

"ምን?"

"በያንዳንዱ አንሳኝ። ዝም ብለህ ግን አይደለም፤ እያወራኸኝ።"

"ሰው ካሜራ ሊገዛ ሲመጣ ከዚህኛው በኩል ነው የሚቆመው።"

"አክስቴ የምትቀመጠው በዚያኛው በኩል ነው።"

ኮሊን እየሳቀ የመጀመሪያውን አነሳ። ፊቱ እንዳለ ጠፋ፤ ከላይ ሽበት፣ ከታች አገጭ ቀረ። አነስ ባለው ሲሞክር አንድ ዓይኑና ግማሽ አፍንጫው ተረፈ፤ ያም ዓይን ተጨፍኗል። ቀጭኑን ካሜራ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ ፊቱ ታየ፣ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ወሬውን ረሳው። ቲሪያ ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ልትሄድ ቦርሳዋን አንስታም ነበር። ኮሊን ያኔ ከመሳቢያ አንድ ያገለገለ ካሜራ አወጣ፤ ትንሽ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጧል። የጀርባውን ስክሪን ወደ ላይ አጠፈው፤ ካሜራውን ሆዱ ላይ አስደግፎ እንደ ጉድጓድ ውሃ ከላይ ተመለከተውና ቀና አለ። የሱቁ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ጠጋኙ ቀጠሮ ይዞ እንደቀረ፣ ጠብታ የሚጠራቀምበትን ባልዲ ሚስቱ ለልብስ ማጠቢያ ስትፈልገው እንዴት እንደተጣሉ ያወራላት ጀመር። ቲሪያም ስለ ባልዲው ሳቀች።

"መቼ ነው የምታነሳኝ?"

"አነሳሁሽ እኮ።" ከዚያ እንደ ታማኝ ነጋዴ ጉድለቱን ነገራት። "ሌንሱ አይቀየርም፣ የራቀ አያቀርብም። ወፍ ብታነሺበት ነጥብ ነው የሚሆንብሽ። ቤት ውስጥ ሲጨልምም ይደነባበራል።"

"የራቀን ለማቅረብ ምን ይደረጋል?"

"በእግርሽ ሄደሽ ትጠጊዋለሽ።"

"እንግዲያው ይኸው ነው" አለች።

ያን ሰሞን ዶሮዎቿን አነሳች፤ አብዛኞቹ አንገት አልነበራቸውም። የጎረቤት አጥር አነሳች፣ የራሷን ጫማ ሳታስበው ደጋግማ አነሳች። ቀስ በቀስ እጇ ሳታይ ማየት ለመደች። አንድ ጧት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ በረንዳው ሄደች። ዱካ አምጥታ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠችና ካሜራውን ጭኗ ላይ አኖረችው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሬዲዮ?"

"ካሜራ ነው።"

"አፈሙዙስ?"

"የለውም።"

"ርካሽ ነው በይኛ።"

"ያገለገለ ነው።"

"እንደ እኔ" አሉ እማማ ንጋዋይ፣ ዳቦውን እየቆረሱ። ጥቂት አኝከው፣ "ለግድግዳው ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

ቲሪያ ስለ ወፉና ስለ ጀልባው ልታወራ ትችል ነበር። አላወራችም።

"አዎ፣ አክስቴ። ለግድግዳው ነው። ሜሬአናን አይተዋታል። ስሟ ካልተነበበ ማን እንደሆነች አትታወቅም። የልጅ ልጆቿ ለማን ብለው ያልቅሱ? እርስዎንም እንደዚያ ማየት አልችልም። እምቢ ካሉ ግን ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሁለተኛም አላነሳብዎትም።"

እማማ ንጋዋይ ዳቦውን አስቀመጡ። ዛጎሉን አንስተው አንድ ቅጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቁ። ሌላም ፋቁ።

"ሜሬአና ድስት ስታጥብ ትዘፍን ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"ትዘፍን ነበር።"

"ድምፅ አልነበራትም፣ ነፍሷን ይማርና።"

"ጅራቷን የተረገጠች ድመት ነበር የምትመስለው።"

አሮጊቷ ቀና ብለው ቲሪያን ፊት ለፊት አዩና ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ሳቁ። ቲሪያም ትስቅ ነበር። ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየት አደረገች፣ ቀና አለች፣ ዓይኗን ከዓይናቸው ሳትነቅል ቁልፉን ተጫነች።

እማማ ንጋዋይ ምስሉን ሲያዩ ጮኹ። "ጥርሴን እኮ አላደረግኩም!"

"ይጥፋ?"

"ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ።" መነጽራቸውን ከጡታቸው ሥር አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። "እዚህ ላይ ዓይኔ ማንን ነው የሚያየው?"

"እኔን።"

"ያስታውቃል። እንዲህ የምስቀው በአንቺ ላይ ብቻ ነው።"

ቲሪያ ፎቶውን አሳትማ ስትመለስ የሆዷን አወጣች። "ኮሊን እጄን ከሜሬአና ፎቶ ላይ ማጥፋት ይቻላል ይላል። ላስጠፋት?"

"አትነካ" አሉ። "ያን ቀን ንዴት ነው ያናገረኝ። ልጅቱ ታቅፋ ነበር፤ ብቻዋን የነበረች አታስመስሏት። አንቺም ጊዜሽ ሲደርስ ከጎኗ እንሰቅልሻለን፤ እጅሽ ባለቤቷን ታገኛለች።"

"እርስዎ ነዎት የሚሰቅሉኝ?"

"ማን ያውቃል? አነዳድሽን አይቻለሁ።" ፎቶውን ገልብጠው አቀበሏት። "ጀርባው ላይ ስሜን ጻፊ። የት እንደሆነ፣ ማን እንዳነሳውም ጻፊ።"

"ቀኑንስ?"

"የተነሳሁበትን ጻፊ። የሌላውን ቀን ቦታ ተይለት።"

ቲሪያ በእርሳስ ጻፈች፤ ከታች አንድ መስመር ባዶ ተወች። እማማ ንጋዋይ ፎቶውን በንጹሕ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ለመቀበሪያ ካዘጋጁት ልብስ ሥር አኖሩት። ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ጥርሳቸውን አድርገዋል፣ ፀጉራቸውንም አበጥረዋል።

"በይ" አሉ ወንበሩን ወደ ፀሐይ እየገፉ፣ "አሁን ደግሞ በሕይወት እያለሁ የምታዪውን አንሺኝ።"