አያልነሽ ያስቆመችው ኪኒን

አያልነሽ በበዴሳ ገበያ ቅቤ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሦስት ቀን አምጣ፣ በቃሬዛ ሶዶ ደርሳ፣ ልጁ ሞቶ ነበር የወጣው። «ገዝፎ ነው» አሏት። ያቺን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛት ኖረች።

ስለዚህ የልጇ የቶማ ሚስት ምሕረት አርግዛ ከጤና ጣቢያ የደም ማነስ ኪኒን ይዛ ስትመጣ፣ አያልነሽ ፍሬዎቹን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻቸው።

«ይሄ ሽሉን ያገዝፋል ይላሉ» አለች። «ተዪው የኔ ልጅ። ትንሽ ልጅ በቀላሉ ይወለዳል። ማሳደጉን ለእኔ ተዪው።»

የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች አቅለሽልሸዋት ስለነበር ምሕረትም አልተከራከረችም።

በሰባተኛው ወር ምሕረት ከጓሮ እስከ ቤት ለመድረስ ሁለቴ ማረፍ ጀመረች። የግድግዳውን ጭቃ እየፈረፈረች ስትቅም አያልነሽ አየቻትና አምሮት ነው ብላ አለፈችው። ስምንተኛው ወር ሲጋመስ ግን ልብስ እያጠበች ሳለ ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ቶማ ሚኒባስ ለምኖ ምሕረትንም እናቱንም ሶዶ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ነርሷ ሀጂራ የምሕረትን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጋ አየች። ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ደም ተሰጣት። በማግስቱ ምጥ መጣና ሴት ልጅ ወለደች፤ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም።

አያልነሽ እንደተመኘችው፣ ምጡ ቀላል ነበር። ሕፃኗ ግን ጡት የምትስብበት አቅም አልነበራትም፤ እግሮቿም ይቀዘቅዛሉ።

«ኪኒኑን ትወስድ ነበር?» አለች ሀጂራ።

ምሕረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ ነኝ ያስቆምኳት» አለች አያልነሽ። የመጀመሪያ ልጇንም ነገር፣ ለሰው ነግራው የማታውቀውን፣ ቆማ ነገረቻት።

ሀጂራ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። «እናቴ፣ ኪኒኑ ሽል አያገዝፍም፤ የእናትየውን ደም ነው የሚተካው። እናት ደም ሲያንሳት ልጁም አብሮ ይጎዳል። የዚህችኛዋ ማነስ በዚያ ብቻ ነው ባልልም፣ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። አሁን ልብስዎን ይፍቱ።»

«ምን?»

«ሙቀት ትፈልጋለች። እናቷ እስክትበረታ ገላዎ ላይ ይያዙልን።»

አያልነሽ በሰው ፊት ደረቷን መግለጥ አሳፈራት። ሕፃኗን አስጠግተው በነጠላ ሲያስሯት ግን ኀፍረቱን ረሳችው። የሕፃኗ ልብ እንደ ጫጩት ልብ ፈጥኖ ይመታል። ምሕረት ጡቷን በትንሽ ኩባያ ታልባለች፣ አያልነሽ ታቅፋለች፤ ምሕረት ስትበረታ ደግሞ እየተቀባበሉ ያዟት።

«እማ፣ እርስዎን ፈርቼ ብቻ አይደለም የተውኩት» አለች ምሕረት አንድ ቀን ከሰዓት። «እኔም ጠልቼው ነበር።»

«ብትወጂውም አላስውጥሽም ነበር» አለች አያልነሽ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሕፃኗ ሁለት ኪሎ ስትሞላ ወደ በዴሳ ተመለሱ። ስሟን ክብረት አሏት። ዛሬ አራት ወሯ ነው፤ እጇ ድብልብል ያለ፣ ድምፀ ጎርናና ልጅ ሆናለች። አልጋ ላይ ካስተኟት ታለቅሳለች። ከሰው ደረት ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። አያልነሽም ከገበያ ቀደም ብላ ትገባለች፤ ምሕረት ጎኗን ታሳርፍ ዘንድ።