ከነበረዶው የተመዘነ ቅርፊት

በፈረንጆቹ 1995 የካቲት ላይ፣ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚሄደው አውቶቡስ ሴንት ፖል ከተማ ሳይደርስ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ የተቆለለውን በረዶ መሻገር ያቃታቸውን አንዲት ባልቴት ክንዳቸውን ደግፎ አሳፈራቸው። ከተሳፋሪው ብድግ ብለው የባልቴቷን ፌስታል የተቀበሉት ጋሽ መድሃኔ ብቻ ነበሩ። ተመልሰው ሲቀመጡ በለሆሳስ ጸለዩ። ጸሎቱ ለራሳቸው ነበር፤ በዚያ ጠዋት ለአለቃቸው የሚናገሩት ከባድ ነገር ነበራቸው።

ጋሽ መድሃኔ በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ የዳቦ ቤት ምድጃ ያነድዱ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርት ያገኙት ከቤተ መጻሕፍት ነው። አሁን አንድ የጥናት ቢሮ በጊዜያዊነት ቀጥሯቸው ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሉ። የወረቀት ፋብሪካዎች ከተረፈ ምርታቸው፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊት፣ ከሰጋቱራና እንጨቱ ተቀቅሎ ከሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ፣ ምን ያህል ኃይል አመነጩ? ጥናቱ ይህንን አካባቢን ከአካባቢ፣ ዓመትን ከዓመት ያወዳድራል። ሪፖርቱ ዓርብ ካለቀ ቋሚ ሠራተኛ እንደሚሆኑ ተነግሯቸዋል።

እንቅልፍ የነሳቸው የሰሜኑ አካባቢ ነው። በ1992 ያነደደው ቅርፊት ከቀደመው ዓመት በሲሶ ጨምሯል፤ የወጣው እንፋሎት ግን ንቅንቅ አላለም። አለቃቸው ኢንግሪድ ደግሞ ለምዕራፉ «የሰሜኑ እመርታ» የሚል ርዕስ ሰጥታዋለች።

የጎን ጠረጴዛው ቦጋለ ሲዋርድ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ ቀድሞ መክሯቸው ነበር።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ፐርማነንት ይሁኑ። ከዚያ ቅርፊቱን እንደፈለጉ ይላጡት።»

«ክብደቱ ጨምሮ ሙቀቱ ካልጨመረ እርጥብ ነው፣ ልጄ።»

«እርጥብ ቢሆንስ? የሚያነዱት እርስዎ አይደሉ።»

«አንድጃለሁ እኮ። ዓይኔን ያደከመው የእርጥብ እንጨት ጭስ ነው።»

ቢሮ እንደገቡ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ለኢንግሪድ ነገሯት። ሰንጠረዡን ረጅም ጊዜ አየችና በሰሜኑ ላለው ፋብሪካ ደወለች፤ ስልኩንም ስፒከር አደረገችው።

«በዚያ ዓመት ሚዛኑን ወደ ግቢው በር አወጣነው» አለ የፋብሪካው ሰው እየሳቀ። «ድሮ የምንመዝነው ከደረቀ በኋላ ነበር። አሁን መኪናው እንደመጣ ነው፣ ከነበረዶው።»

ኢንግሪድ ርዕሱን በእርሳስ ሰረዘችው።

«ሌሎቹስ ፋብሪካዎች የሚመዝኑት መቼ ነው?» አሉ ጋሽ መድሃኔ።

እሷም አታውቅም። ጠይቆም የሚያውቅ አልነበረም። «እንግዲህ ለዓርብ አይደርስም» ስትል ጋሽ መድሃኔ ካፖርታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። እሷ ግን ቀጠለች። «ሁሉንም ፋብሪካ፣ ዓመት በዓመት የሚጠይቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እንጨት የሚያውቅ። ቋሚ ሥራ ነው፣ መድሃኔ፤ ዛሬውኑ ትፈርማለህ።»

«በረዶ ሰው ሲያስቀጥር ዛሬ አየሁ» አለ ቦጋለ። «እኔ ስንት ዓመት እንዲሁ በአካፋ ስዝቀው ኖሬአለሁ።»

ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ እሑድ፣ ክሪስታል ካለው ቤተ ክርስቲያን ከጸሎት ስንወጣ ነው። እግዚአብሔርን አመስግነው ሲያበቁ ወደ መኪናዬ ዞር ብለው ጎማዎቹን አዩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ቁጥሩን ሳስገባ እሳቱን አንድ ቀን አላየሁትም» አሉኝ። «የፋብሪካው ሰው መጥተህ እይ ብሎኛል። አራት ሰዓት መንገድ ነው አሉ፤ እኔ ደግሞ ድራይቭ አላደርግም። በሚመጣው ቅዳሜ ትወስጂኛለሽ? ስንቁ በእኔ ነው።»