የደበርጃኖቹ መርዶ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሻንጣ እሸጣለሁ። ሻንጣ ሊገዛ የመጣ ሰው አንድ እግሩ ውጭ ነው፤ ዋጋ ሲከራከር እንኳ ሰዓቱን እያየ ነው። ከእነሱ ተጋብቶብኝ ይሁን ከጥንቱም እንዲሁ ተፈጥሬ፣ ለእኔም ወንበር አይስማማኝም። ባለቤቴ "ሾፑ ውስጥ ያለው ወንበር ለማን ተብሎ ነው የተገዛው?" ትለኛለች። ለደንበኛ እላታለሁ። ደንበኛም አይቀመጥም።

ባለፈው የፀደይ ወራት ግን መቁነጥነጤ ከልክ አለፈ። ያቁነጠነጠኝ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ይህን ክለብ እዚህ አገር የሚያውቀው ሰው ቢቆጠር እኔን ጨምሮ ከሦስት አንበልጥም።

የሳዑዲ ክለብ ነው። ጂዳንና ሪያድን አብጠርጥሮ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ስሙ ምንም አይነግረውም። ከጂዛን ወደ ሰሜን፣ በባሕሩ ዳር፣ ጨውና ዓሣ የምትሸት ከተማ አለች፤ ወጣትነቴን የጨረስኩት እዚያ ጨርቅ ቤት ውስጥ ነው። አሠሪዬ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ንግድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ትምህርት ቤት የረገጥኩት ጥቂት ነው። "ስትለካ አንተ የደንበኛውን ዓይን እይ፤ እሱ ክንድህን ይይ" ይሉኝ ነበር። እዚያ አገር ትልቅ ሰው አጎት ነው የሚባለውና እኔም "አጎቴ" እላቸዋለሁ።

አጎቴ ከክለቡ መሥራቾች አንዱ ናቸው፤ ዛሬ ከመሥራቾቹ በሕይወት ያሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ሱቁ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር የሚያወሩን የዚህን ክለብ ታሪክ ነበር። መጀመሪያ ክለብ የሚባል ነገር አልነበረም። የወደብ ተሸካሚዎችና የገበያ ልጆች ተሲያት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጨው ሜዳው ላይ ኳስ ይራገጣሉ። ጎሉ የተምር ግንድ ነው። መስመሩን የሚያሰምሩት ነቀዝ በበላው ዱቄት ነበር። ለእረፍት ሲወጡ ፍየሎች ገብተው መስመሩን ይልሱታል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ያለ መስመር ነው። "ተከላካዮቻችን እስከ ዛሬ የት እንደሚቆሙ የማያውቁት ለዚህ ነው" ይላሉ አጎቴ፣ ሳቅ ሳይሉ።

ክለቡ ዛሬ ስለ ራሱ ሲናገር፣ መለያው ወይን ጠጅ የሆነው ፀሐይ ስትጠልቅ ተራሮቹ የሚለብሱትን ቀለም ለማስታወስ ነው ይላል። ከዚያች ከተማ ተራራ ለማየት መኪና መያዝ ያስፈልጋል። አጎቴ እንደሚሉት ነገሩ ሌላ ነው። ወይን ጠጅ የገበር ጨርቅ አስመጥተው ገበያው ፊቱን አዞረባቸው። ለቀሚስ ቢሉት ሴቶቹ እምቢ፣ ለመጋረጃ ቢሉት ባሎቹ እምቢ። ለክለቡ ለገሱት። ስጦታ የሚባለው ነገር አብዛኛው ያልተሸጠ ዕቃ ነው፤ ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል።

ጨርቁ ታዲያ ላብ ሲነካው ቀለሙን ይለቅ ነበር። ጎረቤት ከተማ ሄደው የመጀመሪያውን ግጥሚያ ሲጫወቱ፣ ለእረፍት የወጡት አንገታቸውም ጀርባቸውም ወይን ጠጅ ሆኖ ነው። የባለ ሜዳዎቹ ደጋፊዎች "ደበርጃን! ደበርጃን!" እያሉ በዚያ ወዝ ባለው ወይን ጠጅ አትክልት ስም ሰደቧቸው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ተደባደቡበት፤ ውሎ አድሮ ለመዱት፤ በኋላ ራሳቸው ዘፈን አወጡለት።

እኔ ስደርስ ክለቡ የግንብ አጥርና የሲሚንቶ መቀመጫ ነበረው። አርብ አርብ ከአጎቴ ፈቃድ ወስጄ በሩ ላይ የደበርጃን ጥብስ በዳቦ እሸጥ ጀመር። ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ያለፉ ዕለት ከተማው ውስጥ ደበርጃን አለቀ። ድንች ጠበስኩ። ሰው ሁሉ ደበርጃን ነው ብሎ በላ፤ ያን ቀን ድንጋይ ብጠብስም ይበሉልኝ ነበር። አጎቴ የቀረውን ወይን ጠጅ ጨርቅ ቀድደው በየመኪናው አንቴና ላይ አሰሩ። ከዚያች ዕለት በኋላ ግን ነገሩ ወደ ታች ሆነ። የትልልቅ ከተሞቹ ክለቦች ከዓለም ዙሪያ ተጫዋች ሲያስመጡ፣ የእኛዎቹ ጥሩ ግራ እግር ያለው ልጅ ባበቀሉ ቁጥር ይወሰድባቸዋል።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ ወደዚህ መጣሁ። ክለቡን በስልክ እከታተላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለባለቤቴ ማስረዳት አልቻልኩም።

ባለፈው ክረምት፣ በበረዶው ወራት፣ የአጎቴ ትልቁ ልጅ ኮል አደረገኝ። አባቱን ለልብ ሕክምና ወደዚህ አምጥቶ፣ ከእኛ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ አፓርትመንት ተከራይቷል። ኦፕሬሽኑ ደህና ሆነ። ዓይናቸው ግን በስኳሩ ምክንያት ደክሟል፤ ሰውን በጥላው ነው የሚለዩት፣ የስልክ ስክሪን አይታያቸውም። እንዳየሁዋቸው የጠየቁኝ ስለ ልጆቼ አልነበረም።

"ደበርጃኖቹ ምን ሆኑ?"

ተሸንፈው ነበር። አፌን ልከፍት ስል ልጁ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ራሱን ወዘወዘብኝ።

"አቻ ወጡ፣ አጎቴ።"

"ስንት አቻ?"

"አንድ ለአንድ።"

"ማን አገባ?"

ነጋዴ መልስ አያጣም። "አንድ አዲስ ልጅ አለ፣ ግራ እግር ነው። ከማዕዘን ምት፣ በቀጥታ፣ ማንም ሳይነካት።"

ፊታቸው በራ። ልጃቸውም በር ድረስ ሲሸኘኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በየሳምንቱ፣ ባለቤቴ ከሆስፒታል ፈረቃዋ ስታርፍ፣ ሾፑን ለእሷ ትቼ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ጎል እፈጥራለሁ። ወሬው ጣፋጭ ሲሆን መጠኑን ማወቅ ያስቸግራል። ክለቡ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። አገሩ ላይ መጨረሻ ነበር። ግራ እግሩን ልጅ አጎቴ ወደዱት፤ ሳል እንኳ አስይዤ ለአንድ ሳምንት አሳረፍኩት፤ ሁልጊዜ ቢያገባ ይጠረጥራሉ ብዬ።

የውድድር ዘመኑ አለቀ። ክለቡ ወረደ፤ ከዚያ በታች ሌላ ወደሌለበት ዲቪዚዮን። በዚያው ሳምንት ዶክተሩ አጎቴ መብረር ይችላሉ አለ።

የአጎቴ ልጅ ሾፕ መጣ፤ ሻንጣ ሊገዛ። መርጦ ከጨረሰ በኋላ አልወጣም።

"አገር ቤት ስንደርስ ገና ከኤርፖርቱ በር ይነግሩታል" አለኝ። "ታክሲ ነጂው ይነግረዋል። ሦስተኛ ነን እያለ ሊያወራላቸው ነው፤ ይስቁበታል። ልቡ ይህን አይችልም። እዚህ ሆኖ፣ ሐኪም አጠገቡ እያለ ይስማው።"

"አባትህ ናቸው። ንገራቸዋ።"

"እኔ?" አለ። "እኔ አንድም ጎል አላገባሁም። አንተ ነህ ያወጣሃቸው፣ አንተው አውርዳቸው።"

በማግስቱ ለመንገር ሄድኩ። በራቸው ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ፤ ድልድዩ ላይ ስደርስ ደንበኛ የቀጠርኩ መሰለኝ። ሾፕ ስገባ አሌክሳንድሪያ መሄድ ያምረኛል፣ አሌክሳንድሪያ ስቃረብ ሾፑ ይናፍቀኛል። መደርደሪያ ላይ ያሉትን ሻንጣዎች አውርጄ መልሼ ደረደርኩ። ባለቤቴ "ወይ ንገር ወይ ተቀመጥ" አለችኝ።

በመጨረሻ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ የፓርኪንግ ኃላፊ ናቸው፤ እኛ ሠፈር ግን ሥራቸው መርዶ ነው። አገር ቤት ሰው የሞተበት ካለ፣ ከባለ ሐዘኑ በፊት የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ማን በምን እንደሚጽናና ያውቃሉ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ ገና ሳያስቀምጡኝ።

"ሰው አይደለም ጋሼ። ክለብ ነው፤ የኳስ።"

ነገሩን ከነግራ እግሩ ልጅ ነገርኳቸው።

"ሰውየው ይወዱታል?"

"እሳቸው ናቸው የወለዱት።"

"እንግዲያው መርዶ ነው። በመርዶ ደግሞ ቀልድ የለም። በስልክ አይነገርም፤ ብቻህንም አትሄድም። ጎህ ሲቀድ፣ ማታ ራት መብላታቸውን አረጋግጠን። መኪና ራቅ አድርገን እናቆማለን። ባለቤትህ ነርስ አይደለችም? የደም ግፊት መለኪያዋን ትያዝ። ሁሉም ገብቶ ሳይቀመጥ ማንም ቃል አይተነፍስ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ ታስተረጉማለህ።"

እፎይ አልኩ። ሥርዓት ያለው ነገር ይመስላል። አንድ ነገር ግን ረሳሁ፤ ስለዚያ ኋላ እናገራለሁ።

ጎህ ሲቀድ ደረስን። ጋሼ ጥቁር ኮት ላይ ነጠላ ደርበዋል፤ ባለቤቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጋሼ ያስከተሏቸው ሁለት የሰፈር ሰዎችም እንዲሁ። ልጁ በሩን ከፍቶ ሲያየን ራሱ ደነገጠ። አጎቴ የጎህ ሶላታቸውን ጨርሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ገብተን ተደርድረን ቆምን። ማንም ቃል አልተነፈሰም።

የረሳሁት ይህን ነው። በጨርቅ ቤቱ ዘመን አንድ ልብስ ሰፊ ሐበሻ ነበረን። እናቱ ሞታ መርዶውን የነገርነው ሱቁ ሳይከፈት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላ ለብሰን ተደርድረን ነው። ሲወድቅ የያዙት አጎቴ ናቸው። የእኛን መርዶ ከእኛ እኩል ያውቁታል።

ጥላችንን አዩ። ነጩን ነገር አዩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

"ልጄ?" አሉ። ትልቁ ልጅ "አለሁ አባ" አለ።

"አንተ ካለህ ማን ነው? ትንሹ ነው?"

እኔና ልጁ ወደ ጋሼ ዞርን። ጋሼ ገና አልተቀመጡም፤ ደንባቸው ደንብ ነው፣ ዓረብኛም አይሰሙም። ባለቤቴ መለኪያዋን ከቦርሳዋ ስታወጣ ያ የሚንቋቋው የክንድ ማሰሪያ ጮኸ።

"ሐኪም ይዛችሁ መጣችሁ" አሉ አጎቴ። "ትንሹ ነው። መኪና ነው? ስንት ጊዜ ነገርኩት!" እጃቸው የሶፋውን መደገፊያ ፈለገ።

"ክለቡ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አጎቴ፣ ክለቡ ነው! ደበርጃኖቹ ወረዱ! ትንሹ ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ክለቡ ነው የወረደው!"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው "አልተቀመጥንም እኮ!" አሉ በቁጣ።

አጎቴ እንደቆሙ ቀሩ። ቀጥሎ ምርኩዙ መጣ፤ ጭኔን አገኘኝ። የማያይ ሰው አመታት አልነበረም።

"ለኳስ ብለህ ልጆቼን አንድ በአንድ ትገድልብኛለህ? አንተ የውሻ ልጅ!" እያሉ ይስቁ ነበር፤ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ይወርዳል። ትንሹ ልጅ ይደወልልኝ አሉ። ተደወለ። ድምፁን ሰሙ፣ ያለ ምክንያት ተቆጡት፣ ዘጉት። ባለቤቴ ለካቻቸው። "ከእኔ ግፊት ይሻላል" አለች።

ከዚያ ሳቁ አለቀባቸው። ሶፋው ላይ ዝቅ አሉ።

"ወረዱ?"

"ወረዱ።"

"ያ ግራ እግሩ ልጅስ? ከማዕዘን ያገባት?"

"የለም አጎቴ። እንደዚያ የሚባል ልጅ የለም።"

ጺማቸውን ጠረጉ። "ያሳዝናል። ጥሩ ጎል ነበረች።" ቀጠሉና፣ "የመጨረሻው ግጥሚያ እንዴት ነበር?"

"ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። አቻ ቢወጡ ይተርፉ ነበር።"

"ውጤቱን አልጠየቅኩህም። እንዴት ነበር?"

እውነቱን ልናገር፣ አላየሁትም። የራሴን ግጥሚያዎች ስፈጥር ስከርም የእነሱን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው።

"አሁን እያየህ ንገረኝ" አሉ። "ያየኸውን ብቻ።"

ልጁ ቪዲዮውን ፈልጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በስኳር ዕቃው አስደግፎ አቆመው። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። "በእንዲህ ያለ ቀን ለቀስተኛ ጥሎ አይሄድም" ብለው ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ሰዎቻቸውም ተቀመጡ። እኔ ከአጎቴ አጠገብ ሆኜ መናገር ጀመርኩ። ኳሷ በደበርጃኖቹ እጅ ነች። ተወሰደች። ሜዳው ግማሹ ሣር ግማሹ አቧራ ነው። መቀመጫው ላይ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ እሳቸው ግን ሰሙት። ገባብን። የእኛ ወፍራም አማካይ በጭንቅላቱ መትቶ አቻ አደረገን፤ ዓረብኛ የማይሰሙት ጋሼ እንኳ ጠረጴዛውን መቱ። አንድ ለአንድ። እንዲህ እንዳለ ቢያልቅ ኖሮ ይተርፉ ነበር፤ ሁለተኛዋ ጎል በየትኛዋ ደቂቃ እንደምትገባ የማላውቅ እኔ ቪዲዮውን እዚያው ልዘጋው ደረስኩ። አጎቴ የእጄን አንጓ ይዘዋል።

መጨረሻው ላይ ኳሷ ከቀኝ ተሻማች። አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል። ምላሴ ላይ የነበረው "ወደ ላይ ሄደች" የሚለው ነው፤ ስንት ሳምንት የለመድኩት ቃል ነው፣ ዝግጁ ነበር። እጃቸው አንጓዬ ላይ ነበር።

"ገባች" አልኩ።

ስልኩ ውስጥ የሌሎቹ ደጋፊዎች ይጮኻሉ።

"ተከላካዩ የት ነበር?"

"የለም፣ አጎቴ። ማንም የለም።"

"መስመሩን ፍየል በልቶት ነዋ" አሉ። እጄንም ሳይለቁ፣ "አገሬ ስገባ አርብ አርብ ትደውልልኛለህ። ያየኸውን ብቻ።"