ባሕርሽ እንዴት አደረ?

ፍራንክፈርት ባሕር የላትም። ያለን ማይን ነው፤ እሱም እንደኔ ጡረታ የወጣ ይመስል ቀስ እያለ የሚሄድ ወንዝ ነው። ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ካለው ቤቴ የወጥ ቤት መስኮት፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ቁራሹ ይታየኛል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እስኪፍታታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ የማየው የፖርቱጋልን ባሕር ነው። ማዕበሉ ስንት ሜትር ነው? በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሴኮንድ አለ? ነፋሱስ ከየት ነው? ይህን ካላየሁ ቀኑ አይጀመርልኝም። ደክሞኛል፤ ልተወው ብዬም ብዙ ጊዜ ምዬ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም።

ያለኝ አንድ ልጅ እዚያ ነው። እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዶ፣ ቬስትኤንድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ "አሁንስ አረፍኩ" ባልኩበት ሰዓት ኮምፒውተሩን አንጠልጥሎ ፖርቱጋል ገባ። ሥራው ከየትም ይሠራል አሉ። የመረጣት ቦታ ወንዝ ባሕር የሚገባበት አፍ አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ወንዙ ያመጣው አሸዋ ከባሕሩ ሥር ይከመራል፤ ከሩቅ የመጣው ማዕበል እሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ልጄና መሰሎቹ ደግሞ የመንሳፈፊያ ሰሌዳ ላይ ቆመው ይጋልቡታል። ማንም ሳያባርረው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይህን ያደርጋል።

እኔ ደጋ ነው የተወለድኩት። እኛ ዘንድ ወንዝ ይሻገሩታል እንጂ አይጫወቱበትም፤ ክረምት ሲሞላ ከብቱንም ሰውንም ይወስዳል። "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሲብሰኝ ጥፋቱን ሁሉ በጀርመን ትምህርት ቤት ላይ እጥላለሁ። ልጄን ገና ጥርሱ ሳይጸና ዋና አስተምረው፣ የባሕር ፈረስ የተጠለፈበት ትንሽ ጨርቅ ሸልመው ሰደዱት። ያን ጨርቅ በገዛ እጄ ዋና ሱሪው ላይ ሰፋሁለት፤ እየሳቅሁ፣ እየኮራሁ። ወዴት እንደሚያደርሰው ማን ነግሮኝ?

መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ እደውል ነበር። እሱ ባሕር ውስጥ፣ ስልኩ መኪና ውስጥ። አያነሳም፤ እኔ ደግሞ እዚህ ሞቼ እነሳለሁ። አንድ ቀን እሱም መሮት መሰለኝ ያን የማዕበልና የአየር ትንበያ ገጽ ላከልኝና፣ እንደ ልማዱ ጀርመንኛውን ከአማርኛ እያደባለቀ "ማማ፣ ቢተ፣ እባክሽ ይሄን እዪ" አለኝ። "ገጹ ላይ ያለው ኮከብ ከበዛ ቫሰር፣ ውሃው ውስጥ ነኝ፣ አትደውዪ። ኮከብ ከሌለ ቤት ነኝ፣ ደውዪ። ማታ ማታ እኔ እደውላለሁ።" እናትና ልጅ እንዲህ ተዋዋልን።

እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ማንበቤ ግን የጉድ ነበር። ኮከቡን ትቼ ቀለሙን ያዝኩ፤ ገጹ ላይ እያንዳንዱ ቀን በቀለም ተለይቷል። አረንጓዴ ሲሆን ሰላም ነው ብዬ ልብሴን አጥባለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ ለጥ ብዬ እተኛለሁ። ቀይ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራለሁ፤ እንባዬን አፈሳለሁ። ብዙ ወራት እንዲህ አለፉ። ለገና ሲመጣ ይህን ብነግረው ከሶፋው ላይ ወደቀ። "ማማ፣ አረንጓዴ ማለት እኮ ለእኛ ጥሩ ማለት ነው። ትልልቅ ቬለ፣ ትልልቅ ማዕበል! ቀይ ማለት አይረባም ማለት ነው፤ ወይ ባሕሩ ተኝቷል፣ ወይ አብዷል።" ለካ ልጄ ቤት የሚያህል ማዕበል ላይ ሲወጣ እኔ ድንች እየመረጥኩ ነበር፤ ባሕሩ ገበታ ላይ እንዳለ ውሃ ጸጥ ሲል ደግሞ ቅዱሳኑን አስቸግራለሁ። ስቄ ሳልጨርስ ተናደድኩ፤ ለምን እንደተናደድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ ጓደኛዬ ትኖራለች። ምጽዋ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ በትምህርት ቤት የተማረች፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ ኤርትራዊት ሙስሊም ናት። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብረን ስንሠራ ስንቱን የጀርመን ሽማግሌ አንስተን አስቀምጠናል። የእሷ ወገብ እዚያ ቀረ፤ የእኔ ጉልበት። የትንበያውን ነገር ስትሰማ መጀመሪያ "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" ብላ አሾፈችብኝ። "ፍራንክፈርት ተቀምጠሽ ስለ ባሕር? ለዚያውም ደገኛ!"

እያሾፈች ግን ተሳበች። ጠዋት ጸሎቷን ጨርሳ፣ በቤት ጫማዋ ደረጃውን ወርዳ፣ ሻይ ልትጠጣ ስትመጣ "እንዴት አደርሽ" ማለቱን ተወችው። በሩን እንደከፈትኩላት "ባሕርሽ እንዴት አደረ?" ትለኛለች። መነጽራችንን አድርገን አንድ ስልክ ላይ እናፈጣለን። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ያስረዳችኝ እሷ ናት። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ማዕበሉ እንደሚያምርም ከልጄ ሰምታ ነግራኛለች፤ እኔን ሲሰለቸው ለእሷ ያስረዳታል። እሷም ልጅነቷን ታጫውተኛለች። ዋና ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ገብቶ ጥልቁ ላይ ይለቃታል። "ስጮህ 'እኔ አለሁልሽ' ይለኝ ነበር" ብላ ትስቃለች። ይህ ወንድሟ አርጅቶም ከምጽዋ አልወጣም። በየሳምንቱ አርብ ሳትደውልለት ውላ አታውቅም። ካየችው ብዙ ዘመኗ ነው።

ልጄ ሳይደውል የቀረበት ቀን ገጹ ላይ ጠዋቱ አረንጓዴ፣ ከሰዓት በኋላው ቀይ ነበር። ኮከቡ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ከሥር ትንበያውን የሚጽፈው ሰው ማስጠንቀቂያ አክሏል፤ ከባድ ማዕበልና ነፋስ እየመጣ ነው፤ በላይኛው አገር ብዙ ዘንቧል፤ ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያመጣ ነው፤ ከወንዙ አፍ የሚወጣው ጅረት ሰው ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ የሚገባ ካለ ጠዋት ገብቶ ከቀትር በፊት ይውጣ። ልጄ ጠዋት እንደሚገባ አውቄ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን አይተውም።

ማታ አልደወለም። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጓደኛዬ ወረደችና አጠገቤ ተቀመጠች። "አኩው አልቆ ይሆናል" አለችኝ፤ ባትሪውን ማለቷ ነው። "ሁሌ ያልቅበት የለ? ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ ገጹን ብቻሽን አትክፈቺው፤ አብረን እናየዋለን።" ስትሄድ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ዱዓ እያደረገችልኝ መሆኑ ገባኝ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ጠዋት ደወሉ ጮኸ።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፍራንክፈርት ውስጥ እኛም ጀርመን ሆነናል፤ ሳይደዋወል፣ ቴርሚን ሳይዝ ሰው ቤት የሚሄድ የለም። ያለ ቀጠሮ፣ በጠዋት፣ ሰብሰብ ብሎ የሚመጣ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መርዶ። ጓደኛዬ ደግሞ ደወል አትደውልም፤ ከላይ ወርዳ በጣቷ ነው የምታንኳኳው። ስለዚህ በሩን ሳልከፍት መነጋገሪያውን ብቻ አነሳሁ።

"ማነው?"

"እኛ ነን እህቴ፤ ክፈቺልን።" ድምፁን አወቅሁት። የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር፣ የምጽዋ ሰው። እድራችን ክርስቲያን ሙስሊም፣ ኢትዮጵያዊ ኤርትራዊ ሳይል ሁላችንንም የሚቀብር ነው።

"ምን ፈልጋችሁ ነው? እዚያው ሆነው ይንገሩኝ፣ አባባ።"

"ይሄ በክሊንገል፣ በበር ደወል የሚነገር አይደለም፣ ልጄ።"

መነጋገሪያውን ሰቀልኩት። በሩን አልከፈትኩም። ኮሪደሩ ውስጥ የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጥኩ። ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ አልሞተም፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያን የባሕር ፈረስ፣ መርፌውን፣ ሰማያዊውን ክር እንኳ አስታወስኩ። ውጪ የሚወጣ ጎረቤት የታችኛውን በር ከፍቶላቸው መሰለኝ፣ የሽማግሌው እግር ደረጃውን እያረፈ ሲወጣ ሰማሁት። በሬ ላይ ቆመ።

ሳልነሳ፣ ከበሩ ጀርባ ሆኜ "ልጄ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"የለም፣ የለም! ልጅሽን አላህ ይጠብቅልሽ። ስለሱ የሰማነው ነገር የለም።"

"ተመስገን!" አልኩ። "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን!" በሩን በርግጄ የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ። አብራቸው የመጣችውን የእድሩን ገንዘብ ያዥ አንገቷን አቀፍኳት። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እልል ማለት አምሮኝ ነበር። ቀና ስል ግን የሁለቱም ፊት እንደጨለመ ነው። ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"ታዲያ ማነው?" አልኩ።

ገንዘብ ያዥዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች።

"ወንድሟ ነው" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሌሊቱን አልጋው ላይ አረፈ። እኔ ዘንድ ነው የተደወለው። ዘንድሮ ስልኩ ከሰው ቀድሞ ያረዳል፤ ፌስቡክ ላይ ሳታየው እንድረስላት ብለን ነው። ያለ አንቺ ደግሞ እንዴት እንገባለን? ከአንቺ የሚቀርባት የለም።"

ይህማ ልማዳችን ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን አያረዱም፤ የልብ ወዳጁን ቀድመው ይዘው ይሄዳሉ። እኔም ስንቱን አርድቻለሁ። ጠዋት ሰው ቤት የሚመጡት መርዶ ሊነግሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ አብሮ የሚያረዳ ሊወስዱም እንደሚመጡ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ከትናንት ጀምሮ ከባሕሩ በቀር ሌላ ሞት ያለ አልመሰለኝም ነበር። የምጽዋ ባሕር እንዴት እንዳደረ ጠይቄያት አላውቅም።

ልጄ ከቀትር በኋላ ደውሎልኛል፤ ነፋሱ የመብራት ምሰሶ ጥሎ መንደሩ ሁሉ ጨልሞ ነው የጠፋው። እሱ ከቀትር በፊት ወጥቶ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው መርዶው የእኔ አለመሆኑን ብቻ ነው። "ተመስገን" ያልኩበት አፌ አሳፈረኝ። እግሬን በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አሳረፍኩ፤ ጉልበቴ ብቻ አልነበረም ያቃተኝ።

ጓደኛዬ በሩን የከፈተችው ልትወርድ ስትል ነው። የቤት ጫማዋን አድርጋለች፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ያበጠ ዓይኔን፣ ያልተበጠረ ጸጉሬን። ከኋላዬ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ ነጠላውን።

"ዋይ ሓፍተይ፣ ዋይ እህቴ!" አለች። "ልጃችን!"

አቀፈችኝ። ከእኔ አጭር ናት፤ ራሴን ጎትታ ትከሻዋ ላይ አስተኛችው። "አብሽሪ። አብሽሪ እህቴ። እኔ አለሁልሽ" እያለች ጀርባዬን ታሻሸኝ ጀመር፤ መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌዎቹን እንደምታሻሸው። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ ግን ማን እንደሆነ መንገሬ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ለቅሶ ነው። ማልቀሴን ስትሰማ ይበልጥ አጥብቃ ያዘችኝ።

"እህቴ፣ እስቲ ግቢና ተቀመጪ" አሏት ሽማግሌው።

"እሷን አስቀምጧት እንጂ!" ተቆጣቻቸው። "ጉልበቷን ያማታል፣ አታውቁም? ወንበር ስጧት። ውሃ ላምጣላት።" ሮጣ ወጥ ቤት ገባች።

ሦስታችን ሳሎኑ ውስጥ ቆመን ቀረን። ገንዘብ ያዥዋ ወንበር ስባ መሐል አደረገችው። የቧንቧው ውሃ ሲፈስ ይሰማናል፤ ዱዓዋም ይሰማናል፤ ለልጄ ነበር።

ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነበር። ወንበሩን አየችው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ሽማግሌው በአንድ በኩል፣ ሴትየዋ በሌላው በኩል ቆመዋል። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ትክ ብላ አየችኝ።

"የኔ ነው?" አለች።

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበልኳት።