ምንም አልጎደለንም ያልንበት ቀን

ጉትሎይትፊርቴል በሚባል የጀርመን ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ትንንሽ ልጆችና እናቶቻቸው በሳምንት ሁለት ጠዋት የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል ነበር። እኔ እዚያ አስተረጉም ነበር። ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል አልሆንልኝ ስላለ ነው የገባሁበት። ልጆቹን የምታጫውተው ጀርመናዊት አስተማሪ አማርኛ አታውቅም። እናቶቹ ደግሞ ጥገኝነት ጠይቀው ጥቂት ዓመት የሆናቸው፣ ቢሮና አውሮፕላን ማረፊያ እያጸዱ የሚኖሩ ናቸው።

ከመካከላቸው አንዷን ከሁሉም አብልጬ እወዳት ነበር። ከሴት ልጇ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ልጅቷ ሦስት ዓመት አልፏት አንድ ቃል አትናገርም። እናትየው ግን ይህን ለማንም አታነሳም፤ ለጠየቃት ሁሉ "ዓይን አፋር ናት" ትላለች። አስተማሪዋ ነገሩ ገብቷት ስለነበር ከልጅቷ ጋር ብቻዋን ወለል ላይ እየተቀመጠች ኳስ ታንከባልልላት ጀመር። አንድ ጠዋት ልጅቷ "ኖህማል" አለች፤ ድገሚው ማለቷ ነው። እናትየው ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ይህ ክፍል ከተዘጋ ልጅቷ ወደ ዝምታዋ እንደምትመለስ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወጪያችንን የሚሸፍነው የከተማው መሥሪያ ቤት የሥራውን ውጤት የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች እንደሚልክ ተነገረን። ለእናቶቹ "ግምገማ ነው" አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሰማኝ የለም። ለእኛ አገር ሰው ግምገማ አንድ ሰው ከወንበሩ የሚነሳበት ስብሰባ ነው። "አስተማሪዋን ሊያስወጧት ነው" ተባለ። በሚቀጥለው ስብሰባችን መክረው ጨርሰው ጠበቁኝ፤ ማንም ችግር እንዳያነሳ፣ ሁሉም ደህና ነው እንዲባል።

"ሰዎቹ የሚፈልጉት ምን እንደጎደላችሁ ማወቅ ነው። ካልጎደላችሁ ለምን ይከፍላሉ?" አልኳቸው።

"እትዬ፣ እርስዎስ ጀርመን ሆነዋል" አለችኝ ያቺው የምወዳት። "ለአምት፣ ለመንግሥት ቢሮ ሰው ገመናውን ነግሮ የተጠቀመ ማን አለ?"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላት ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። እናቶቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ልጆቹ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ከጎረቤት በተዋሱት ጫማ የመጡም ነበሩ። እንግዳ በባዶ ጠረጴዛ አይቀመጥም ተብሎ ዶሮው፣ አልጫው፣ ኬኩ ተደርድሯል። ችግረኛ አይቶ ለመመለስ የመጣ ሰው እዚያ ምን ያያል? ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ ወጣትና ትሁት ሴት፣ አስጨምራ ከበላች በኋላ እናቶቹን በየተራ ጠየቀች።

"ልጅሽን በማሳደግ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?" ብዬ ተረጎምኩ።

"ምንም። ተመስገን።"

"ንግግሯስ?"

"ቤት ውስጥማ ወሬኛ ናት። ሰው ስታይ ነው ዝም የምትለው።"

ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የነጠላውን ጥለት ታኝካለች። መልሱን እንዳለ ተረጎምኩና ለገምጋሚዋ በጀርመንኛ "ይህ እውነት አይደለም" አልኳት። ገምጋሚዋም እናትየው ራሷ ያላለችውን መቀበል እንደማትችል፣ የእኔ ሥራ መተርጎም ብቻ እንደሆነ በትህትና ነገረችኝ። አስተማሪዋ የምታውቀውን ተናግራለች፤ ግን የራሷን እንጀራ የምትከላከል መሰለች። እናትየው ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ በጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጥ አደረገች። ይተዉልኝ ማለቷ ነው። ተውኩ።

ገምጋሚዋ በጸደይ ወር ውጤቱን ልትነግረን ተመልሳ መጣች። ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ቤተሰቦቹ ጠንካሮች እንደሆኑ፣ እንደሚደጋገፉ፣ ልጆቹም በደንብ እንደተያዙ ተናገረች። እናቶቹ ይህን ስተረጉምላቸው አጨበጨቡ። ቀጥላም ድጋፉ የባሰ ችግር ወዳለበት ሰፈር እንዲዞር መወሰኑን ነገረችን። ይህንንም ተረጎምኩላቸው።

በበጋ ተዘጋ። አናስነካትም ያሏት አስተማሪ ሪድበርግ የሚባል ሰፈር፣ የደህና ሰው ልጆች የሚውሉበት መዋዕለ ሕፃናት ተቀጠረች። ልጅቷ "ኖህማል" ማለቷን ተወች። እኔና እናትየው የንግግር ሐኪም ደጅ ስንጠና ከረምን። ወረፋ ነው፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮው፣ ሲገኝ ደግሞ እናትየው ፈረቃ ላይ ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሄደ።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ወደሚደረገው ምርመራ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ሥዕል ታሳያታለች፤ ልጅቷ መስኮቱን ታያለች። ያን ጊዜ እናትየው ሳትጠየቅ ሁሉንም ዘረገፈችው። ከሥራ ስትመለስ ልጇ ፊት ተንበርክካ "እማዬ በይኝ" እያለች እንደምትለምናት ጭምር ተናገረች። ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ልጅቷ ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች ወደተዘጋጀ ትምህርት ቤት እንደምትገባ አስረዳችና "በሦስት ዓመቷ ብናውቅ ኖሮ ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር። ያኔ ለምን አልተነገረም?" አለች።

ለዚህ ለስለስ ያለ አማርኛ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

"ይተዉት እትዬ፣ ገብቶኛል" አለችኝ እናትየው። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረችና፣ ያለ እኔ፣ በጀርመንኛ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለቻት።