የሐያትን ችግኝ ለማስተከል ወደ ሸቤ

ከጅማ፣ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር የወጣነው ጭጋጉ ገና ከጣሪያ ላይ ሳይነሳ ነው፤ እኔና የልጄ ልጅ ሐያት። ሐያት ሰባት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ነጭ ናት። ፀጉሯ የእሸት በቆሎ ፀጉር ይመስላል። ፀሐይ ቆዳዋን ያቃጥለዋል፣ ዓይኗም ብርሃን አይችልም። የቆዳ ሐኪሟ አልቢኒዝም ይባላል ብላኛለች።

የሄድንበት ጉዳይ አንድ ነው። በአባቷ ቤት ልማድ የልጅ ልጅ ሲወለድ አያትየው በስሙ የቡና ችግኝ ይተክላሉ። ለሐያት ታናሽ ወንድም እንኳን ተተክሎለታል፤ ለእሷ ግን የለም። ልጄ ዘሃራ «ተይው እማዬ፣ ጠብ ይሆናል» ብላ ለመነችኝ። እንዲህ ያለውን መተው ማንም አላስተማረኝም።

መናኸሪያ

ጠዋት ወደ ሸቤ ሲኬድ ፀሐይ በግራ በኩል ትገባለች። በቀኝ ያለውን መስኮት አንድ ወጣት ይዞታል።

«ልጄ፣ ቦታ ቀይርልን። ይቺን ልጅ ፀሐይ አይስማማትም።»

«እማማ፣ ጭጋግ እኮ ነው! የቷ ፀሐይ?»

«ሰቃ ስንደርስ ታያታለህ።»

እየሳቀ ተነሳ። ሐያትን ሲያያት ግን፣ «አባቷ ፈረንጅ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አባቷ የሸቤ፣ እናቷ የጅማ። ፈረንጁን ከየት አመጣኸው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሐያትም ሳቀች።

መንገድ ላይ

ከከተማ ስንወጣ ዛፎቹ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። አንድ በሬ ደመና ላይ የቆመ መሰለኝ። ሐያት ራሷን ጉልበቴ ላይ ጥላ፣ «አኮ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። «እኛ ነን የምንሄደው ወይስ ዛፎቹ ናቸው የሚመጡት?»

«እኔም አላወቅሁ» አልኳት። የእውነቴን ነበር።

ሰቃ ላይ ሴቶች ማንጎ በመስኮት አቀበሉን። ፀሐይም ወጣች። ያ ወጣት ዓይኑን በእጁ ከልሎ ወደ እኔ ዞረና ራሱን ነቀነቀ።

ሸቤ

የአባቷ አባት አባ ዱራ «ባጋ ነጋን ዱፍተኒ፣ በደህና መጣችሁ» ብለው ተቀበሉን። ከእኔ ጋር እጅ ተሳሳምን። ለሐያት ግን እጃቸውን አልዘረጉም፤ ከሩቅ «ደህና ነሽ?» አሏት። ትኩስ ጎደሬ በሚጥሚጣ ቀረበልን። በልቼ ሳልጨርስ ጀመርኩ።

«የሐያት ቡና የታለ?»

«አይቆጡ» አሉኝ። «ይሄ ነገር በእኛ ዘር የለም፤ በዘሃራ በኩል የመጣ ነው። ደግሞ ፀሐይ የማትችል ልጅ የቡና ሥራ እንዴት ትሠራለች?»

«ወላሂ፣ ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ! ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን አይታይም ነበር። ልጄም ልጅዎም ሳያውቁት ይዘውታል፤ ከሁለቱም ሲደርሳት ነው የወጣው። ግማሹ የእርስዎ ቤት ነው። ጥፋት ካሉት እኩል እንካፈለው፤ ግን ጥፋት አይደለም። የፀሐዩን ነገር ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ። ቡናዎን ገላጣ ላይ ይተክሉታል?»

«ገላጣ ላይማ ይቃጠላል…» አሉ።

«እና ደካማ ነው ብለው ይነቅሉታል ወይስ ጥላ ይፈልጉለታል?»

የጎደሬውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ዞር ስል ሐያት የለችም።

ያገኘናት ቡናው ውስጥ ነው። ከትልልቆቹ ዋንዛዎች ሥር ቀኑ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሰፊ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች። በቀን፣ ከቤት ውጭ፣ ራሷን ገልጣ አይቻት አላውቅም። ፀጉሯ በቅጠሉ መሃል እንደ ፋኖስ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ይበራል። የማየው ሕልም መሰለኝ።

አባ ዱራ ረጅም ጊዜ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ሄደው ችግኝ ይዘው መጡ። ከሁሉ ሰፊ ጥላ ካለው ዋንዛ ሥር ቆፈሩና «ቢስሚላህ» ብለው አስገቡት። ሐያት አፈሩን በእጇ መለሰች። ስትጨርስ ባርኔጣዋን ችግኙ ላይ ደፋችለት።

«ኧረ ለመንገድ ያስፈልግሻል!» ብዬ ጮህኩ።

አባ ዱራ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ችግኙን ከለሉት። ባርኔጣውን አንስተው አራገፉና ራሳቸው ሐያት ራስ ላይ አደረጉላት። እጃቸው እዚያው ትንሽ ቆየ።

«ቶሎ ተመለሺ» አሏት። «ባለቤቱ አንቺ ነሽ።»

ወደ ቤት

መንደራ ቆጪ ባጃጅ ሲያወርደን ዘሃራ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ተጣላችሁ?»

«ትንሽ» አልኳት።

ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው፦ አባ ዱራ ስለ ጥላ ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበር። የጎደለው ፊት ለፊት የሚጠይቃቸው ሰው ነው። ከእንግዲህ እኔ አለሁ።

ሐያት በጥፍሮቿ ሥር የገባውን የሸቤ አፈር ለእናቷ አሳየቻት። ዘሃራ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ መታጠቢያ ውሃ ልታሞቅ ስትገባ፣ ሐያት ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።