በሞሪን ስም የሚሸጠው ፓይ

ሞሪን ፕሮበርት የግቢዋን ጽጌረዳ ስትገርዝ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት የለበሱ ባልና ሚስት በራፏ ላይ ቆሙ። ጭቃው ጉልበታቸው ደርሷል። ኮረብታችንን በእግር ሊያዩ ከከተማ ከሚመጡት ናቸው።

«ይቅርታ፣ መጠጥ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተጻፉት ሞሪን እርስዎ ነዎት? ጎረቤትዎ ነው ያመለከተን» አለ ባልየው።

«ነኝ» አለች ሞሪን። ምስጋና ነበር የጠበቀችው።

«እንግዲህ አይቀየሙኝና፣ ፓይዎ መሃሉ በረዶ ነው። ሥጋውንም ጥርሴ አልቻለውም።»

«ተው እንጂ ጄፍሪ፣ ትልቅ ሴት እኮ ናቸው» አለች ሚስቱ፣ እጅጌውን እየጎተተች።

የሞሪን ደም ፈላ። ያንን ፓይ፣ ያንን በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ፣ እሷ አልሠራችውም። «ሁለቱ ቁልፎች» የሚባለው መጠጥ ቤታችን ወጥ ቤት የገባችው ገና በልጅነቷ፣ ሳህን ልታጥብ ነበር። አሮጊቷ ምግብ አብሳይ ስትሞት ምድጃው የእሷ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገባች፣ ወለደች፣ እናቷን ቀበረች፤ ከምድጃው ግን አልራቀችም። የበሬውን ሥጋ ከዋዜማው በጥቁር ቢራ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፤ ጠዋት ለዘብ ባለ እሳት ታበስለዋለች፤ ሊጡን በእጇ ዳምጣ ታለብሰዋለች። ከበርሚንግሃም ድረስ በዚያ ጠባብ መንገድ ሰው መኪናውን እያስቧጨረ ይመጣ ነበር። ሞሪን ሀብት የላት፣ ትምህርት የላት፤ ያላት ይህ ስም ነው።

ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሥራውን ተወች። የመጠጥ ቤቱም ባለቤት ቤቱን ጃይልስ ለሚባል ለንደን ላደገ ሰው ሸጠው። ጃይልስ ግድግዳውን ግራጫ ቀባ፤ እኛ ትናንሽ ቀስት እየወረወርን የምንጫወትበትን ሰሌዳ አወረደ፤ ፓዩን ከፋብሪካ በረዶ ሆኖ በመኪና እያስመጣ ማይክሮዌቭ ውስጥ መወርወር ጀመረ። «የሞሪን ፓይ» የሚለውን ጽሑፍ ግን አልነካውም። እሷ ሄዳ ስሟ እዚያው ተቀጥሮ ቀረ ማለት ነው፣ ያውም ለእንዲህ ያለ ሥራ።

መቀሷን እንኳ ሳትጥል ሄደችበት።

«ስሜን ከሰሌዳህ ላይ አንሣ።»

«ሞሪንዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ እያከበርንሽ እኮ ነው» አላት። ልጇ የሚሆን ሰው!

«በረዶ እያበላህ ነው የምታከብረኝ?»

«እስካሁን አንድ ሰው ቅር ብሎት አያውቅም። አንድ ቅር ያለው ሰው አምጪልኝ፣ ስምሽን እዚሁ ፊትሽ እደመስሰዋለሁ።»

የሚያናድደው ነገር፣ ይህ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው በዚህ አልዋሸም። የኛ አገር ሰው ድንጋይ ቢቀርብለት ያላምጣል። አስተናጋጇ መጥታ «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» ስትለው፣ «ግሩም ነው፣ እናመሰግናለን» ይላል። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ነው አፉ የሚፈታው፤ ከዚያማ ቤቱ እስኪደርስ ሲራገም ይሄዳል። እኔ ራሴ ስንቴ አድርጌዋለሁ፤ እስከዚያ ቀን ግን አናዶኝ አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጠጥ ቤቱ ገቡ። ዝናቡ መንገድ ከልክሏቸዋል፤ መንደራችን ደግሞ ሌላ ምግብ ቤት የለውም። ሞሪን ተከትላቸው ገባች።

«ትናንት ለእኔ የነገሩኝን ዛሬ ለእሱ ይንገሩልኝ» አለችው ባልየውን።

«እነግረዋለሁ። በሚገባ ነው የምነግረው» አለ ጄፍሪ። ጆሮው ቀላ።

ምሳቸው ግማሽ ሲደርስ ጃይልስ እጁን እያሻሸ መጣ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?»

ጄፍሪ ሞሪንን አየ፤ ሳህኑን አየ፤ «ግሩም ነው፣ እናመሰግናለን» አለ። አልበቃው ብሎ «በተለይ ድንቹ» ሲል ጨመረበት።

«እርስዎም ወንድ ነኝ ይላሉ?» አለችው ሞሪን፣ ጃይልስ ዞር ሲል። እርር ድብን ብላ አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠችና ፓዩን አዘዘች። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ቤት ስታበላ ኖራ ሰው ሆና ተቀምጣ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። ፓዩ መጣ። ሊጡ ከላይ አሯል፣ ከታች ረጥቧል፤ መረቁ እንደ ሙጫ ነው፤ መሃሉ ገና አልሟሟም። እያኘከች የምትለውን አሰናዳች። «ይህ ምግብ አይደለም፣ ስሜን መልስልኝ» ልትለው ነው።

ጃይልስ ከአጠገቧ ቆመ። ሁላችንም ወደ ሳህናችን አቀረቀርን።

«ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ሞሪንዬ?»

ሞሪን ቀና አለች። አፏን ከፈተች።

«ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ።»

እንዴት እንደወጣት አታውቅም። እናቷ ያስተማረቻት፣ እናቷንም እናቷ ያስተማረቻት ቃል ነው፤ ንዴቱን ሁሉ ቀድሞት ወጣ። ጃይልስ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «እንግዲያው ሰሌዳው እንዳለ ይቆያል» ብሎ ሄደ።

ሹካዋን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ከዚያ ግን ቅላቱ ቀስ እያለ ጠፋ፤ አንድ ነገር እየመጣባት ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ወጥ ቤት ሆና ምግቧን የበላ ሰው ፊት አይታ አታውቅም። አስተናጋጆቹ ባዶ ሳህን ይዘው በሩን በክርናቸው እየገፉ ሲገቡ «ግሩም ነው ብለዋል» ይሏታል፤ እሷም በዚያ ቃል ደስ ብሏት ትተኛለች።

ወደ ጄፍሪ ሚስት ጎንበስ አለች።

«ከዚህ በፊት እዚህ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እያለሁ?»

«አዎን፣ ያኔማ በየዓመቱ ነበር የምንመጣው።»

«ያኔስ እንዴት ነበር?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች፤ ለማሰብ እንኳ አልቆመችም።

«ግሩም ነበር» አለቻት።